በሬዎቹ አልተሸጡም

ይህ ወረቀት በሱሌይማን ሻንጣ ታጥፎ፣ ሁለት ቀን ሙሉ በአውቶቡስ ተንገላቶ እጅህ ለሚገባው ለወንድሜ ለኑፉ፤

እንደምን ነህ ወንድምዓለም? ሰውነትህስ እንዴት ነው? ኮኮዋ ስትቆርጥ ቢላው የጎዳህ እጅህ ድኖልሃል ወይስ ዝናብ በመጣ ቁጥር ይጠዘጥዝሃል? የዚያ አገር ዝናብ ማባራት አያውቅም ስለሚሉ፣ እጁም እረፍት የለው ይሆናል እያለች እማዬ ትጨነቃለች። ማደሪያህስ? ዛሬም አምስት ሆናችሁ ነው አንድ ክፍል ውስጥ የምትተኙት? ያ የሚያንኮራፋው ጓደኛህ አገሩ ገባ ወይስ አሁንም እንቅልፍ ይነሳሃል? ቀለቡስ ይስማማሃል? ሱሌይማን ወፍረሃል ብሎናል፤ እኛ ግን ደስ እንዲለን ብሎ እንደሆነ ጠርጥረናል።

እኛ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነን። አባባ ከወገባቸው በቀር ደህና ናቸው። እማዬ ደህና ናት። ባለቤትህ ሳላማታ ደህና ናት፣ ልጅህ ኢሳም ፊት ለፊት ያሉትን ሁለት ጥርሶቹን አውልቆ በፉጨት ነው የሚያወራው። ከናፍቆትህ በቀር የጎደለብን የለም ብዬ ልጽፍ ነበር፤ ነገር ግን አንድ ሰው ጎድሎብናል። እሱን ከመንገሬ በፊት የጠየቅኸኝን ልመልስ።

በደብዳቤህ «የኮኮዋው ሒሳብ ስለተከፈለኝ ሁለት በሬ መግዣ እልካለሁ፤ በየትኛው ገበያ ቢገዛ ይሻላል? መልካቸውስ ምን ዓይነት ይሁን?» ብለሃል። ይህን ለአባባ ሳነብላቸው ትከሻቸው እስኪንቀጠቀጥ ሳቁ። እማዬ ሳቋን ይዛ ወደ ጓዳ ገባች። ወንድምዓለም፣ በሬዎቻችን ዳለቻውና ቡሬው እኮ እዚሁ ናቸው። ይህን ስጽፍልህ ከበስተኋላዬ ቆመው ያመሰኳሉ። አንተ ሽጡ ብለህ ጽፈህ ነበር፣ እኛም ልንሸጥ ወጥተን ነበር፤ ግን አልተሸጡም።

እስከ ዛሬ ለምን ደበቃችሁኝ ብለህ እንደምትቆጣ አውቃለሁ። ቁጣህ ከልጅነትህም ቶሎ ነው፣ ደግነቱ ቶሎ ይበርዳል። ጥፋቱ ግን የእኔ አይደለም። መጻፍ የማውቀው እኔ ብሆንም ምን እንደሚጻፍ የሚያዙት አባባ ናቸው። እሳቸው ደግሞ «በገበያ መሐል የሆንኩትን በገዛ ልጄ እጅ ለገዛ ልጄ አላጽፍም» ብለው ከልክለውኝ ነበር። ባለፈው ሳምንት ግን ራሳቸው ጠሩኝና «ቴኔ፣ ለኑፉ ሁሉንም ጻፊለት። አንድ አታስቀሪ፣ ማልቀሴንም ጻፊ» አሉኝ። እንግዲህ ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ ነውና ከመጀመሪያው ልጀምርልህ።

አንተ በሄድክበት ዓመት ዝናቡ ማሽላው ሳያፈራ አቋርጦ ጠፋ። የላዩ ማሳ አገዳ እንኳ በወጉ አልሰጠም። አባባ ሰነፍ ገበሬ እንዳልሆኑ ታውቃለህ። አንዱ ማሳ ቢከዳ ሌላው እንዲይዘን ብለው ነው ሁልጊዜ ከላይም ከታችም የሚዘሩት፤ ፍየሎቹንም በሽታ ቢገባ ሁሉም አንድ ላይ እንዳያልቁ ብለው ነው ለፉላኒው እረኛ በርቢ የሰጡት። አንተንም ቢሆን ወደዚያ ዝናባም አገር የላኩህ ስለጠሉህ አይደለም። እንደዚህ ሆኖም የአባባ ጎተራ በማርች ወር ሥሩ ታየ። በሬዎቹ ገለባ አጡ፤ ዳለቻው ሲነሳ ጉልበቱ ይንቀጠቀጥ ጀመር። ሞተው ቆዳቸውን ከምንሸጥ በእግራቸው እያሉ እንሽጣቸው የሚለው ነገር በየቤቱ ይወራ ነበር፤ የአንተም ደብዳቤ በዚያው ሰሞን ደረሰ። «በሬዎቹን ሽጡና እህል ግዙ፣ እኔ ኋላ እተካለሁ» የሚል ነበር። ክፉ ምክር አልነበረም፤ እኔም አንብቤ ልክ ነው ብያለሁ።

እማዬ ግን አንድ ማታ እራት ስታወጣ «የእነ ሃሚዱም ቤት እንዲህ ነበር የጀመረው» አለች። የእነ ሃሚዱን ቤት ታስታውሳለህ አይደል? ሦስት በሬ የነበራቸው፣ ለሰርግ ሰው የሚጋብዙ ሰዎች ነበሩ። በአንበጣው ዓመት በሬዎቻቸውን ሸጠው እህል ገዙ፤ እህሉን በሦስት ወር በሉት። በሬ የሌለው ሰው የሰው በሬ እስኪለቀቅለት ይጠብቃል፤ እሱ ሲጠብቅ ዝናቡ ያልፈዋል። በደንብ ያላረሰ በደንብ አያጭድም፤ ያላጨደ ደግሞ በሚቀጥለው ክረምት የራሱን ማሳ ለአረም ትቶ ለቀለብ ሲል የሰው አረም ይነቅላል። ማንም አልዘረፋቸውም፣ ማንም አልሞተባቸውም። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል የሚባለው ይህ ነው። ዛሬ ሃሚዱ ሲያልፍ ሰው ስለ እሱ ሲያወራ «ድሮ እኮ» ብሎ ነው የሚጀምረው።

አባባም ይህን ያውቃሉ፤ ግን የቸገረው እርጉዝ ያገባል እንዲሉ፣ ቆርጠው ተነሱ። በገበያው ቀን ነጩን ቀሚሳቸውን ለብሰው፣ በሬዎቹን አጣምረው ባሰሩበት በዚያ በቆዳ ገመዳቸው እየሳቡ ወጡ። እኔ ከኋላ ሆኜ እነዳ ነበር። ገበያው ደግሞ የሚሸጥ እንጂ የሚገዛ የሌለበት ነበር፤ ሁሉም የከሳ ከብቱን ይዞ ወጥቷል። ከከተማ የመጣ አንድ ነጋዴ ዳለቻውን በዱላ ጎኑን ጎሸም አደረገና የሚያሳፍር ዋጋ ጠራ። አባባ ትንሽ ተከራክረው እሺ አሉ። ገመዱን ለነጋዴው ሲዘረጉ እጃቸውን ማየት አቅቶኝ ወደ ሌላ ዞርኩ።

በዚህ መሐል ነው ፊሎሜን የመጣችው። የቦንጎሮዋን ሳሞ አሮጊት፣ ፊሎሜን ዜርቦን ረስተሃት ከሆነ አንተም ከሰው አልተቆጠርክም። ልጅ ሳለህ ገበያ መሐል ቆብህን ቀምታህ እያለቀስክ ቤት የመጣኸው በእሷ ምክንያት ነበር። ኮትዲቯር አስረስቶህ እንደሆነም ላስታውስህ፤ እኛ ሞሲዎች ለሳሞዎች ጌታ ነን እንላለን፣ እነሱም እኛን ሎሌዎቻችን ናቸው ይላሉ፤ በተገናኘን ቁጥር መሰዳደብ ነው፣ የተቆጣ ደግሞ ተሸናፊ ነው። ስለዚህ በዕድሜ የእማዬ ታላቅ ብትሆንም ፊሎሜንን አንቱ አልልልህም፤ አንቱ ብትባል ኖሮ ታኮርፍ ነበር።

ሰዉን በክርኗ ሰንጥቃ መጣችና ገመዱን ከነጋዴው እጅ መንጭቃ በገዛ አንገቷ አሰረችው። እዚያው ከዳለቻው አጠገብ ቆማ «እናንተ የገበያ ሰዎች፣ ፍረዱኝ! ይህ ሎሌዬ ሙሙኒ ሳያስፈቅደኝ ንብረቴን ሊሸጥ ነው። ከሸጠ ሁላችንንም አንድ ላይ ይሽጠን፤ ለእኔም ዋጋ አውጡልኝ» አለች። ነጋዴው የዚህን አገር ወግ አያውቅምና ግራ ገብቶት «እናቴ፣ እኔ ከብት እንጂ አሮጊት አልገዛም» አላት። «ጥርሴን ሳታይ ነው የምትንቀኝ?» ብላ እንደ በሬ አፏን ከፍታ አሳየችው። ሁለት ጥርስ ብቻ ነበራት። ገበያው በሳቅ ፈረሰ።

አባባም ወግ ነውና ዝም ማለት አልቻሉም። «አንቺ የውሻ ጭንቅላት በላተኛ፣ በሬዎቼን ልቀቂ» አሏት። «የማን በሬዎች? አንተ ራስህ የማን ሆነህ ነው በሬ የሚኖርህ?» አለቻቸው። «የአባቴ ሎሌ ልጅ ሆነሽ ትመልሽልኛለሽ?» «የአያቴን ማሽላ ሰርቆ የተያዘው አያትህ ቢሰማህ በሳቀብህ!» እየተባባሉ ቆዩ። ሰዉ እየበዛ፣ አባባም ከስንት ወር በኋላ ፊታቸው እየፈታ መጣ። በመጨረሻ ሳቃቸው አሸነፋቸውና «በይ እንግዲያ ያንቺ ከሆኑ ውሰጃቸው!» አሉ። ይህን ማለታቸው ነው ጉዱ። ፊሎሜን «ሰማችሁ? በገዛ አፉ!» አለችና ገመዱን ከአንገቷ ፈትታ በሬዎቹን እየሳበች በሰዉ መሐል ሄደች።

አባባ ቀልዷን ጨርሳ ከገበያው ጠርዝ ትመለሳለች ብለው ዛፍ ሥር ተቀመጡ። ነጋዴው ትንሽ ቆይቶ ሌላ በሬ ገዝቶ ሄደ። ጥላው ዞረ፣ ሰዉም መበተን ጀመረ፤ ፊሎሜን አልተመለሰችም። እኔ ሮጬ ላምጣቸው ብል «በገበያ ፊት ውሰጂ ብያለሁ፤ አሁን ብከለክላት ተቆጣ ይሉኛል» አሉኝ። በሬም ገንዘብም ሳይዙ ባዶ እጃቸውን ቤት ገቡ። እማዬ ውሃ ሰጠቻቸውና ገበያው እንዴት ዋለ አለቻቸው። «ተዘረፍኩ» አሉ። በማን ስትላቸው «በሎሌዬ» አሉ። እሷም ምንም እንዳልተፈጠረ ሁሉ «ሎሌዎ ከሆነች ትመልሳለቻ» ብላ ወደ ምድጃዋ ዞረች።

በማግስቱ እማዬ የራሷን ጎተራ ከፈተች። ባል የሚስቱን ጎተራ ማየት ነውር ስለሆነ አባባ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ውስጡን አይተውት አያውቁም፤ እኔም ገና ያን ቀን አየሁት። የሦስት ዓመት ማሽላና አደንጓሬ በአመድ ተለውሶ፣ ነቀዝ ሳይነካው ተቀምጧል። በአንዲት ቅል ሰፍራ፣ ከዚያች ቅል አንድ ፍሬ ሳታልፍ እስከ ክረምት አደረሰችን። ጠዋት ጠዋት ውሃ በበዛበት አጥሚት፣ ማታ በገንፎና በባኦባብ ዛፍ ቅጠል ወጥ። ሳላማታን ጨዋታ አትችልም፣ ቶሎ ታኮርፋለች ትላት ነበር አይደል? አንድም ቀን ፊቷ ሳይጠቁር፣ ከእኔ ጋር ፀሐይ ሳይወጣ ዘይት የሚወጣው የሺያ ፍሬ ለቀማ ወጥታለች። ከርቢው ሁለት ፍየል ሸጥን። ራበን እንጂ አልወደቅንም።

በዚያ መሐል በሜይ ወር አንድ ወጣት ወረቀት ይዞ ከመንግሥት ነው የመጣሁት፣ ወደ ድህነት ሊወድቁ የሚችሉ ቤቶችን እየመዘገብኩ ነው ብሎ መጣ። በሬ አለዎት ወይ ቢላቸው አባባ አለኝ አሉት። የታሉ ሲላቸው ሎሌዬ ጋ ናቸው አሉት። ሎሌዎ ማን ነው ሲላቸው ሙሙኒ ሎሌዬ ነው የምትል አንዲት አሮጊት ናት አሉት። ልጁ ላቡን ጠረገና በሬ የለም ብሎ ጻፈ። በዚያ ወረቀት ላይ ደሃ ሆነን ቀርተናል፤ አልፈርድበትም፣ ያየውን ነው የጻፈው።

እውነቱን ልንገርህ፣ እኔም እንደ ልጁ ማመን አቅቶኝ ነበር። ጁን ገብቶ የመጀመሪያው ትልቅ ዝናብ ዘነበ። አፈሩ ሳይደርቅ ማረስ እንዳለብን አንተም ታውቃለህ፤ ሁሉም በሬውን ይዞ ወጣ። አባባ በር ላይ ቆመው የቦንጎሮን መንገድ አዩ። በሁለተኛው ቀን ማንም አልመጣም፤ ዶማ ይዘው ወጥተው በዚያ ወገባቸው ይቆፍሩ ጀመር። ሰዉ «ሙሙኒ በቀልድ ደኸየ» ማለት ጀመረ። ይህ ቃል ለእሳቸውም ደርሶ ሰምተውታል፤ አጎንብሰው መቆፈራቸውን ቀጠሉ። ማጎንበሳቸው አንጀቴን በላው። በሦስተኛው ቀን ጠዋት ለማንም ሳልነግር በንዴት ወደ ቦንጎሮ ተነሳሁ።

ግማሹን መንገድ ሄጄ ወንዙ ጋ ስደርስ አገኘኋት። በሬዎቹን ይዛ፣ እስከ ወገቧ ርሳ በጭቃው ውስጥ እያዘገመች ትመጣለች። እኔ ግን ያየሁት የሦስት ቀን መዘግየቷን ብቻ ነው። አፌን ከፈትኩ፤ ወንድምዓለም፣ ያልኩትን ሁሉ እዚህ ብጽፈው ወረቀቱ ያፍራል። ሌባ አልኳት። የአባቴን እጅ የቆረጥሽ፣ በሰው ረሃብ የምትስቂ፣ ሁለት ጥርስሽም ይርገፍ አልኳት። የወግ ስድብ አልነበረም፤ እያለቀስኩ፣ ከልቤ ነበር የሰደብኳት።

እሷ ምን ያደረገች ይመስልሃል? ሳቀች። ከሳቋ ብዛት እርጥቡ መሬት ላይ ተቀመጠች። «ተመስገን፣ ከሙሙኒ ቤት መሳደብ የሚችል ሰው ተገኘ! የአባትሽ ስድብ ጨው የለውም፤ ያንቺ ጨውም በርበሬም አለው» አለችኝ። ስድቤን እንደ ወጋችን ቆጥራ በደስታ ተቀበለችው። ከእኛ ሰው በቀር እንዲህ የሚገጥመው ማን አለ? ከልብ ተናድዶ ተሳድቦ በጨዋታ አዋቂነቱ የሚመሰገን! ከዚያም ለምን እንደዘገየች ነገረችኝ። ወንዙ ሞልቶ ኖሮ ሁለት ቀን ሙሉ ማዶ ዛፍ ሥር ከበሬዎቹ ጋር ተቀምጣለች። «ለራሴ ቢሆን እዋኝ ነበር፣ የሎሌ በሬ ይዞ ግን ጎርፍ አይደፈርም» አለችኝ። ያን ጊዜ ነው በሬዎቹን በደንብ ያየኋቸው። ቦንጎሮ ወንዝ ዳር ስለሆነ ሣር አላጡም፤ ጎናቸው ሞልቶ፣ ቆዳቸው አብረቅርቆ፣ ዳለቻው ሌላ በሬ መስሎ ነበር። እኔን ግን አውቆኝ እጄን ላሰኝ። ገመዱን ተቀብያት አብረን መጣን።

አባባ ከማሳው ቀና ብለው ሲያዩን ዶማውን ጣሉት። ምስጋና ቢጀምሩ ወጉ ይፈርሳል፤ ስለዚህ «ምነው አከሳሻቸው?» አሏት። «ፍጋቸውን ለሽንኩርት ማሳዬ ስለወሰድኩ ቀልለው ይሆናል፤ ሎሌ ያለው ሰው ፍግ አይገዛም» ብላ መለሰችላቸው። አንድ ጆንያ አደንጓሬም በዳለቻው ጀርባ ጭና መጥታ ነበር፤ ይህን ደግሞ የሎሌዎቼ ቀለብ ነው ብላ ለእማዬ ሰጠቻት። ሁለቱ ሴቶች ሲተያዩ ዓይናቸውን አየሁት። ወዲያው ትዝ አለኝ፤ ከገበያው ሦስት ቀን በፊት እማዬ የሺያ ፍሬ ልሸጥ ብላ ቦንጎሮ ሄዳ፣ ፍሬውን እንዳለ ይዛ ተመልሳ ነበር። ባሏን በአደባባይ አይሆንም ማለት ስለማትችል፣ ማለት ወደምትችለው ሰው ሄዳለች ማለት ነው። አንድ ቀን ጠይቄያት «እኔ ምን አውቄ» አለችኝ። አባባ ግን እስከ ዛሬ አልጠየቋትም፤ የሚያውቁ ይመስለኛል።

በአራት ቀን አርሰን ዘራን። አባባ በአምስተኛው ቀን ጠመዱና ሳይጠየቁ የሃሚዱን ማሳ አረሱለት። ዝናቡም ዘንድሮ በደንብ ያዘ። ጎተራችን እስከ አንገቱ ሞልቷል፤ የእማዬም ጎተራ ሞልቶ ተዘግቷል፣ ስንት እንዳለው አትጠይቀኝ። አባባ የመጀመሪያውን እሸት በቅርጫት ተሸክመው በእግራቸው ቦንጎሮ ወሰዱላት። «ሎሌዬ ግብር አመጣልኝ» ብላ መንደሩን ጠራች፤ እሳቸውም «ሎሌዬ እንዳትሞት ቀለብ ልሰፍርላት መጣሁ» አሉ። ያን ቀን ሲመለሱ በመንገድ ላይ ብቻቸውን እየሳቁ ነበር ብለው ያዩዋቸው ሰዎች ነገሩን።

በዲሴምበር ታመመች። እማዬ ልትጠይቃት ሄዳ ስትመለስ መልእክት ይዛልኝ መጣች። «ያቺን ከልቧ የምትሰድበኝን ልጅ ሰላም በይልኝ» ብላኛለች። ለካ አውቃ ነበር። ወንዙ ዳር ስድቤ ከልቤ መሆኑን እያወቀች፣ እንዳላፍር ብላ ጨዋታ አደረገችልኝ። በማግስቱ ይቅርታ ልላት ስንቄን ቋጥሬ ተነሳሁ፤ መንገድ ላይ እያለሁ የሞቷን ወሬ ይዞ የሚመጣውን ሰው አገኘሁት። ይህ አይወጣልኝም ኑፉ። ካንተ በቀር ለማንም አልነገርኩም።

እንግዲህ ቀብሩን ልንገርህ። የሳሞ ለቅሶ ያለ ሞሲ ቀልድ እንደማይደምቅ ታውቃለህ። ዘመድ ያለቅሳል፣ እኛ ደግሞ እናስቃለን፤ የእኛ ድርሻ እሱ ነው። አባባ ነጩን ቀሚሳቸውን ለብሰው ደረሱና ቄሱ ጸሎቱን ጨርሰው ፈቀቅ ሲሉ የተቆፈረው ጉድጓድ ውስጥ ገብተው በጀርባቸው ተኙ። «ለሎሌዬ ይህ ጠባብ ነው፤ መጀመሪያ እኔ ልለካው» አሉ። ልጆቿ እንደ ወጉ ውጣልን ብለው ዶሮ ቢሰጧቸው «ዶሮዋ እንደ ሟቿ ጥርስ የላትም» ብለው መለሱ። የሚያለቅሰው ሁሉ በእንባው መሐል ይስቅ ነበር። ትልቁ ልጇ ዴኒ ቤት ገባና አንድ ነገር ይዞ መጣ። የበሬዎቹ ገመድ ነበር፤ በክረምቱ እኛ ቤት ስትመጣ፣ ለሚቀጥለው ዘረፋዬ ይሆነኛል ብላ ወስዳ አስቀርታው ነበር። ዴኒ ገመዱን ወደ ጉድጓዱ ወርውሮ «በል ሙሙኒ፣ ይህን ይዘህ ራስህ ውጣ፤ ከእንግዲህ ስቦ የሚያወጣህ የለም» አላቸው። ለቀልድ ነበር ያለው።

አባባ ገመዱን ደረታቸው ላይ አቅፈው ያዙት። ሰዉ የሚቀጥለውን ቀልድ ጠበቀ። ከዚያ የሳቅ የመሰለ ድምፅ ሰማን፤ ግን ሳቅ አልነበረም። አባታችን፣ የአያታችን ቀብር ላይ እንኳ ዓይናቸው ያልረጠበው ሰውዬ፣ በሰው መቃብር ውስጥ ተኝተው እንደ ሕፃን አለቀሱ። እንዲህ ያለ ነገር ታይቶ አይታወቅም። እኔ መሬት ብትውጠኝ ወደድኩ።

ያኔ የደረሰችልን የፊሎሜን ታናሽ እህት ናት። እሷም አሮጊት ናት፣ እሷም ያው ምላስ አላት። «ሞሲው አለቀሰ! ወጉን አፈረሰ፣ ይቀጣ!» ብላ ጮኸች። ሽማግሌዎቹ እዚያው መቃብሩ አፋፍ ላይ ተማከሩና ፈረዱ። ቅጣቱም ዝናብ ሲመጣ ሙሙኒ የራሱን ማሳ ሳይነካ በፊት በእነዚያ ሁለት በሬዎች የፊሎሜንን ማሳ ያርሳል፤ በሕይወት እስካለ በየዓመቱ እንዲሁ የሚል ነው። አባባ እሺ አሉ። ዴኒ እጁን ሰጥቷቸው ወጡ። ገመዱን ግን ይዘው አልወጡም፤ ጠቅልለው እሷ የምታርፍበት ቦታ ራስጌ አስቀመጡት። «ትያዘው፣ እዚያም ትዘርፍበት ይሆናል» አሉ፤ ያን ጊዜ ነው ሰዉ እንደገና የሳቀው።

ወንድምዓለም፣ እኔ ስለ አንተ ገንዘብ ክፉ አልናገርም፤ ላብህ ነው። ግን በሬ አትግዛ። በዚያ በክፉው ዓመት ከሃሚዱ ቤት ጎን ልንሰለፍ አንድ ገመድ ማቀበል ነበር የቀረን፤ ያን ገመድ አንዲት ባለ ሁለት ጥርስ ሴት አንገቷ ላይ አስራ መለሰችልን። ገንዘቡን ያዝና አንድ ክረምት ራስህ ና።

እማዬ እጅህን በዘይት አሸው ትልሃለች፤ ደጋግማ ስማሃለች በይው ብላለች። ሳላማታ ምንም አልልም፣ የምለውን እሱ ያውቀዋል ብላ ፈገግ አለች፤ አንተ ካወቅኸው ይኸው አድርሻለሁ። ኢሳ የኮኮዋ ፍሬ እንድትልክለት ይፈልጋል፤ እስከዚያ ጥርሱ ይበቅልለታል። ሃሚዱ ከነቤተሰቡ ሰላም ብሎሃል። ጓደኞችህን፣ የሚያንኮራፋውንም ጭምር፣ ሰላም በልልኝ። እኔ እህትህ በጣም ናፍቀኸኛል።

አባባም አጠገቤ ተቀምጠው ምን ጻፍሽ እያሉ ይጠይቁኛል። ሁሉንም አነበብኩላቸው፤ ማልቀሳቸው ጋ ስደርስ ራሳቸውን ነቀነቁ እንጂ አውጪው አላሉም። ሰላምታቸውንና ምርቃታቸውን ላኩልህ። መላክ ከፈለገ ደግሞ ይላሉ፣ ከወደብ የሚመጣው ጠንካራ ገመድ እናንተ ጋ ይገኛል አሉ፤ ስምንት ክንድ ይላክልን። ከዝናቡ በፊት ይድረስ፤ መጀመሪያ የሚታረሰው የእሷ ማሳ ነው፣ በሬዎቹ ደግሞ ገመድ የላቸውም።

እህትህ ቴኔ

ታንግዙጉ፣ ጃንዋሪ 17 ቀን 1999